ስሙ ያልታወቀ

መድኃኒት ቤት ነው ሥራዬ፤ የሌሊት ተረኛ ነኝ።
ሳርጀንት ጎዳና ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው ያገኘኝ።
ፈልጌው አይደለም፤
ስልኬ ነው ያመጣው፣ «ይፈቀድልኝ» አላለም።
የጠየቅሁትን ዘፈን ጨርሶ፣
ዝም በማለት ፈንታ ያልጠራሁትን ጎርሶ
ቀጠለ።

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣
በረዶው እንደ ጨው ከበሩ ሥር ሲሰፈር፣
ክኒን እቆጥር ነበር፣ አምስት አምስት እያልኩ፤
ሠላሳ ልደፍን ስል ቁጥሩን ሳትኩ።

ከበሮው ነው ያሳተኝ።
ሴትዮዋ ስትዘፍን፣ አኮርዲዮኑ ሲከተል፣ ሁሉም በወጉ ሲሄድ፣
ከበሮው ግን አንድ ቦታ ላይ፣ እግሩን አንሥቶ ሊራመድ
እንዳለ ሰው፣
ቀረ።
የአንድ ትንፋሽ ያህል።
ከዚያ ተመልሶ ተሻገረ።

ደግሜ ሰማሁት። ደግሜ። ደግሜ።
ክኒኑንም እንደገና ቆጠርኩት፣ ቆሜ።

እስኪነጋ አሰስኩ። ዘፋኟ ዶሎረስ ቫንዳል ትባላለች፤
ዶፊን ከተማ ፀጉር ትሠራ ነበር፤ አንድ ሸክላ አስቀርጻለች፣
በሰባ አንድ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣
በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፤ ሦስት መቶ ቅጂ፣ ከዚያ በላይ አልነበር።
አኮርዲዮኑ አጎቷ ነው። ጊታሩ የባቡር ሠራተኛ፣
ጣቱ አንድ የጎደለ፣ አሉ፣ ግን ቀልደኛ፤
የልጅ ልጁ ሁሉን ጽፎለታል፣ ሳይቀር የውሻው ስም።
ስለ ከበሮ መቺው ግን ምንም።

ፎቶግራፍ አለ፤ አራት ሰዎች፣ ከጭነት መኪና ጎን፤
ሦስቱ ፀሐይ ወግቷቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ አራተኛውን ግን
ባርኔጣው ውጦታል።
ከሥሩ ሦስት ስም ተጽፏል።
አራተኛው፦ «ስሙ ያልታወቀ»።
ሰው ከበሮ እየመታ እንዴት ተደበቀ?

ሦስት ሳምንት ፈለግሁት። እንቅልፍ አጥቼ አልልም፤
እንቅልፍማ ድሮም የለኝም።
ሸክላውን ያሳተመው ሞቷል። ምድር ቤቱ ዛሬ የጎማ መጋዘን ነው።
የዶሎረስን የእህት ልጅ አገኘኋት፤ «ያኔ ሕፃን ነበርኩ» አለች፤ ያወቀችው ይኸው።

ሚስተር ፕሮኮፕ ግፊት አለበት፤ ሊነጋ ሲል ይመጣል፤
«ለሽማግሌ እንቅልፍ ብድር ነው» ይላል።
ስድስት ዓመት ስለ ጉልበቱ፣ ስለ በረዶ አካፋው ስናወራ፣
ጣቶቹ መስታወቱ ላይ የያዙት ሌላ ሥራ
ታይቶኝ አያውቅም።
ዛሬ ግን ማተሚያው ሲያቃስት፣ ደረሰኙ ሲያዘግም፣
ጠቅ፣ ጠቅ-ጠቅ፣ ጠቅ፣
ቀረ።
የአንድ ትንፋሽ ያህል።
ከዚያ ተመልሶ ተሻገረ።

ምንም አላልኩትም። ስልኬን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ።
ዶሎረስ ጀመረች። ድምፁን ከፍ አደረግኩ።
ባርኔጣውን አወለቀ።
ከኋላው አንድ ሳል የያዘው ወጣት «ይቅርታ፣ ወረፋው?» ሲል፣
«ዝም በል፣ ልጄ፤ ዶሎረስ ናት» አለው፣ እሱም የሚያውቃት ይመስል።

እዚያች ቦታ ሲደርስ ፊቱ ተጨማደደ፤
«አየሽ? እዚህ ጋ አንዱ መምቻ ከእጄ ሄደ።
ጎንበስ ብዬ ሳነሣ ነው።
ድጋሚ መቅረጫ ገንዘብ አልነበረም፤ እንዳለ ይውጣ አሉ።
ስሜን አትጻፉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ
ያን መምቻ እያነሣሁ ነው።»

ያ የወደድኩት! ያ ክኒን ያሳተኝ!
«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ልለው
ፈለግሁ፤ በእንግሊዝኛ ግን እንዴት አድርጌ ላዙረው?

«ስንት ሰው ሰምቶታል?» አለኝ።
ቁጥሩን አየሁለት፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
(ሁለት መቶው እኔ ነኝ፤ ያንን አልነገርኩት።)
«ያን ጊዜ ከሰማን ይበልጣል» አለ፤ ክኒኑን ወሰደ፤
ባርኔጣውን ደፍቶ በረዶው ውስጥ ሄደ።

ከፎቶው ሥር ስሙን ልጽፍለት ስልኬን ከፈትኩ።
አትጻፉት ያለው ትዝ አለኝ። ደግሞ፣ ሃምሳ ዓመት፣ አልኩ።
ጣቴ አየር ላይ ቀረ፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል፣
ሳል የያዘው ወጣት «የኔስ ሽሮፕ?» እስኪል።